በውሸት የሚያረጁ ገዳማት

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። የአንዳንድ ገዳሞቻችን ታሪክ ጸሐፊዎች ነገርም እንዲሁ ሆኗል። «ገዳሙን ማን ተከለው? መቼ ተተከለ?» ሲባሉ ድንጋይ ተሸክመው የተከሉትን ባላገሮች ትተው ወደ ንጉሥ ይሮጣሉ። አባታቸውን ደብቀው አጎታቸውን ይጠራሉ!

ነገሩን ከመሬት ተነስቼ አላመጣሁትም። ባለፈው ዓመት በአንድ የጉዞ ማኅበር አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ አንድ ገዳም ሄጄ ነበር። ጠቤ ከገዳሙ ጋር ስላልሆነ ስሙን አልጠራም። ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ላስቲክ ዘርግቶ፣ «የገዳሙ ታሪክ! የገዳሙ ታሪክ! መቶ ብር!» እያለ ይጣራል። ገዛሁ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል። «በአብርሃ ወአጽብሃ ዘመነ መንግሥት በ333 ዓ.ም. የተመሰረተ» ይላል። የጀርባው ሽፋን ላይ ደግሞ የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ አዛውንት መነኩሴ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አገኘሁና ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን መቼ ነው የተሠራው?»

«አያቴ ናቸው ድንጋዩን በትከሻቸው ያመላለሱት» አሉኝ። «በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ።»

«ታዲያ መጽሐፉ አብርሃ ወአጽብሃ ይላል እኮ!»

ሳቅ አሉ። «እሱን እንኳ ከተማ ያሉት ናቸው የጻፉት፣ ልጄ።»

ሂሳቡን እናስላው። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ነው። ከ333 ዓ.ም. ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ይበልጣል። አንድ የከተማ ጸሐፊ፣ አንድ ማተሚያ ቤትና አንድ አብረቅራቂ ሽፋን ተባብረው በአንድ ሌሊት አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ጨመሩለት። ያውም በመቶ ብር!

አሁን አንዳንዱ አንባቢ «ይሄ ሰውዬ ተሐድሶ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ጠላት ነው» ማለት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ይበል። እኔ በአርባ ቀኔ ክርስትና ተነስቼ፣ በሰንበቴ ጠላና ዳቦ ያደግኩ ሰው ነኝ። የምጽፈውም ስለማፍር ሳይሆን ስለሚያንገበግበኝ ነው። ቤተ ክርስቲያንን የሚጎዳት እውነቱን የሚጠይቃት ነው ወይስ በስሟ የሚቀጥፈው? እስቲ ከዚህ እንነሳ።

ተአምር ሌላ፣ ዓመተ ምሕረት ሌላ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ተንጠልጥለው ደብረ ዳሞ ወጡ የሚለውን ትውፊት ልከራከረው አልመጣሁም። ያ የእምነት ነገር ነው። የሚያምን ያምናል፣ የማያምን ገመዱን ይዞ ይወጣል። ገድል የሚጻፈው ለጸሎት፣ ለተግሣጽ፣ ለመታሰቢያ ነው። ለፍርድ ቤት ማስረጃ ተብሎ አይደለም። ገድሉን የጻፉት አባቶችም ይህን ያውቁት ነበር።

ዓመተ ምሕረት ግን ሌላ ነው። «በ333 ዓ.ም. ተመሰረተ» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ተአምር አልተናገረም። ስለ ቀን ተናግሯል። ቀን ደግሞ ይጠየቃል። ማን ጻፈው? በምን ላይ ተጻፈ? ከስንት ዘመን በኋላ ተጻፈ? የዘጠኙን ቅዱሳን ገድላት እንውሰድ። ቅዱሳኑ መጡ የሚባለው በአምስተኛውና በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። ገድላቸው የተጻፈው ግን ከዚያ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመትና ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ገድሉን አያረክሰውም። ነገር ግን ጸሐፊው የዓይን ምስክር እንዳልነበር ማወቅ አለብን። የዘጠኝ መቶ ዓመት ወሬ እንደ ትናንት ወሬ አይታመንም።

ስለ አብርሃና አጽብሃም እንነጋገር፤ መቼም የሁሉም በራሪ ወረቀት አባት እነሱ ሆነዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት አክሱም ላይ የነገሠውና ክርስትናን የተቀበለው ንጉሥ በራሱ የድንጋይ ጽሑፎችና በራሱ ገንዘብ ላይ ስሙን ጽፎልናል። ኢዛና ይባላል። በገንዘቡ ላይ መጀመሪያ የጨረቃ ምልክት ነበረ፣ በኋላ መስቀል ሆነ። የሮሙ ቄሣር ቆንስጣንዮስም በ356 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ለሁለት የአክሱም ወንድማማቾች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ አቆይቶልናል። የተጻፈላቸው ኢዛናና ሳይዛና ናቸው። «አብርሃ» እና «አጽብሃ» የሚሉት ስሞች በዚያ ዘመን ድንጋይም ሆነ ገንዘብ ላይ አይገኙም። «እለ አጽብሃ» የሚባለው የስድስተኛው መቶ ዓመቱ ንጉሥ ካሌብ ነው። አብርሃ የሚባለውም በዚያው ዘመን የመን ላይ የነገሠው ነው። በኋላ ዘመን የትውፊት ማህደር ውስጥ ስሞቹ ተቀላቅለው እንደሆነ ብዙ ምሁራን ይገምታሉ።

ቤተ ክርስቲያን ኢዛናንና ሳይዛናን «አብርሃ ወአጽብሃ» ብላ ብታከብር መብቷ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በመጽሐፈ አክሱም ውስጥ አብርሃና አጽብሃ መሬት እንደሰጡ የሚናገሩ የርስት ደብዳቤዎች አሉ። የታሪክ ሰዎች መርምረው በኋለኛ ዘመን የተጻፉ ናቸው ብለዋል። ለምን ተጻፉ? መሬት ሲከራከሩ «ይሄማ ከአብርሃ ወአጽብሃ የተሰጠኝ ነው» ያለ ሰው ይረታላ! ከዚያ በላይ የሚጠራ የቆየ ሰጪ የለም። እንግዲህ የፈጠራ ታሪክ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። መሬትና ሥልጣን! ጽድቅ አይደለም።

ሐይቅና ደብረ ሊባኖስ

ትልቁን ምሳሌ ላምጣ። አገር ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ እንዲህ ይላል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የዛግዌውን ንጉሥ አሳምነው ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ አስመለሱ፣ ይኩኖ አምላክም ውለታውን ሲከፍል የመንግሥቱን ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውም አባባል ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ግሩም ታሪክ ነው። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። ይኩኖ አምላክ የነገሠው በ1270 (እ.ኤ.አ.) ነው። ደብረ ሊባኖስ ያን ጊዜ የት ነበር? የትም! ገዳሙ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው ሲሆን የተመሰረተው ከዚያ ወዲህ በ1280ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። «ደብረ ሊባኖስ» የሚለውን ስም ያወጣለት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ በ1445 (እ.ኤ.አ.)። ገና ያልተተከለ ገዳም ሲሶ መንግሥት ተረከበ ማለት ነው? ልጁ ሳይወለድ ርስት ወረሰ!

ሌላም አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ይህንኑ ታሪክ ይናገራል። የሱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እሱ እንደሚለው ከይኩኖ አምላክ ጋር ቃል ኪዳን ያደረጉት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይሆኑ መምህራቸው አቡነ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። ይኩኖ አምላክም በሐይቅ ያደገ የእሳቸው ልጅ ነው ይላል። ለሁለት ገዳም አንድ ንጉሥ፣ አንድ ቃል ኪዳን! ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም።

ለምን ተከራከሩ? ሥልጣኑን እንይ። የሐይቁ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» የሚባለውን ትልቅ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ይይዝ ነበር። የደብረ ሊባኖሱ አለቃ ደግሞ «እጨጌ» ሆነ። የሐይቅ ታሪክ የዓቃቤ ሰዓቱ የሹመት ደብዳቤ ነው። የደብረ ሊባኖስ ታሪክ የእጨጌው የሹመት ደብዳቤ ነው። ጊዜ ሲያልፍ እጨጌው ገነነ፣ የሐይቁ ማዕረግ ደበዘዘ። ከዚያ በኋላ እኛ ትምህርት ቤት ስንገባ የተነገረን የማን ታሪክ ሆነ? ያሸነፈው!

ይህን የምለው እኔ የሰፈር ጋዜጠኛው ብቻ አይደለሁም። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሚያወሳው መጽሐፋቸው ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተሰጠው የመንግሥት ማስመለስ ድርሻ ዘግይቶ የመጣ መሆኑን ከገድላቱ ቅጂዎች እያነጻጸሩ ጽፈዋል። እሳቸውን ደግሞ «የአገር ጠላት» የሚላቸው ቢኖር እሱ አገሩን አያውቃትም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚህ የተነሳ አያንሱም። ሸዋን፣ ዳሞትን እየዞሩ ያስተማሩ፣ ደቀ መዛሙርታቸው በየአገሩ ገዳም የተከሉ አባት ናቸው። የንጉሥ ደላላ ናቸው ብሎ መጨመር ለእሳቸው ክብር ነው ወይስ ስድብ? መነኩሴን ከፍ ለማድረግ ወደ ቤተ መንግሥት ማስገባት ያለበት ማነው? ምንኩስና ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው!

ሲሶው ገመድ ሆነ

አሁን ደግሞ ውሸት ምን እንደሚያስከፍል እንይ።

«ሲሶ ተሰጠን» ብለው የጻፉት አባቶች ለኩራት ነበር የጻፉት። መቶ ዓመታት አለፉ። የ1960ዎቹ ተማሪ «መሬት ላራሹ» ብሎ ተነሳ። ደርግም መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ተወረሰ፤ የገዳማቱም መሬት አብሮ ሄደ። በዚያን ጊዜም፣ ከዚያም ወዲህ በየዘመኑ የተነሳ ካድሬ ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚከሳት በምንድነው? «የአገሪቱን ሲሶ መሬት ይዛ ገበሬውን ስትበዘብዝ የኖረች» ብሎ! ሲሶዋን ከየት አመጣት? ከእኛው መጽሐፍ! ለኩራት የፈተልነው ገመድ ለአንገታችን ሆነ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰፊ መሬት አልነበራትም አልልም። ነበራት። ገባሩም ከብዶት ነበር፤ እሱንም መካድ ሌላ ቅጥፈት ነው። ግን «ሲሶ» የሚለውን ማን ለካው? በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የመሬት ልኬታንና አዲሱን ግብር ተቃውሞ ጠመንጃ አንስቶ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ቀላድ በሙሉ ያልተጣለበት አገር ውስጥ አንድ ሦስተኛ የሚባል ቁጥር ከሰማይ ይወርዳል? ደግሞስ ጉልት ማለት ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት እንጂ የመሬቱ ባለቤትነት አልነበረም። ርስቱ የገበሬው ሆኖ ግብሩ የገዳሙ የሚሆንበት ብዙ ቦታ ነበር። ይህን ሁሉ አብራርቶ ለመከራከር ግን አፍ ያስፈልጋል። በገዛ መጽሐፋችን «ሲሶው የኛ ነው» እያልን ስንኖር የኖርን ሰዎች ምን አፍ አለን?

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አበው። የኛ ግን እያደር የከበደ ነው።

የፈረንጅም ገዳም ቀጥፏል

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ግላስተንበሪ የሚባል ባለጠጋ ገዳም ነበረ። በ1184 (እ.ኤ.አ.) ተቃጠለ። ማሠሪያ ገንዘብ ይሰጥ የነበረው ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ በ1189 ሞተ፣ ገንዘቡ ነጠፈ። በ1191 መነኮሳቱ ግቢያቸውን ሲቆፍሩ ምን አገኙ? የንጉሥ አርተርን መቃብር! ስሙ የተጻፈበት የእርሳስ መስቀል ሳይቀር! ልክ ገንዘብ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት! ቀጠሉና ደግሞ ገዳማችንን የመሰረተው ጌታን የገነዘው የአርማትያው ዮሴፍ ነው አሉ። ምዕመናኑ ጎረፉ፣ ሳጥኑ ሞላ።

መጨረሻውስ? በ1539 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳሙን ዘረፈው፣ የመጨረሻውን አበምኔት ሪቻርድ ዋይቲንግን ሰቀላቸው። የአርተር አጥንትም የዮሴፍ ስምም አላዳናቸውም። ዛሬ ፍርስራሹ የጎብኚ መጫወቻ ነው። እንግሊዞቹ ታሪክ ሲያስተምሩ ግን «መነኮሳቱ ፈጠሩት» ብለው በግልጽ ያስተምራሉ። ለምን ቢባል ሕንፃው ውሸቱ ቢወጣም ሕንፃ ነውና። የሮማው ቤተ ክርስቲያንም ከቆስጠንጢኖስ የተሰጠኝ ነው የምትለው ደብዳቤ ፈጠራ መሆኑን በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የሚባል የራሷው ቄስ አጋለጠ። ሮማ ፈረሰች? አልፈረሰችም።

እውነቱ መቼ አነሰን?

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ቅጥፈቱ ድሃ ሰው የሚቀጥፈው ቢሆን ይገባኝ ነበር። እኛ ግን እውነት የሞላን ሰዎች ነን!

ከዓድዋ አጠገብ ያለውን የአባ ገሪማ ገዳም እንይ። ትውፊቱ እንደሚለው አባ ገሪማ ወንጌልን በአንድ ቀን ጽፈው ጨረሱ፣ እስኪጨርሱም ፀሐይ ቆመችላቸው። የፈረንጅ ሊቃውንት ብራናዎቹን አይተው ለረጅም ጊዜ «የአሥረኛው፣ የአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው» ሲሉ ኖሩ። ከዚያ ከብራናው ትንሽ ቅንጣት ተወስዶ በኦክስፎርድ የካርቦን ምርመራ ተደረገለት። የናሙናዎቹ ዕድሜ በ330 እና በ650 (እ.ኤ.አ.) መካከል ሆኖ ተገኘ! በዓለም ላይ ካሉት ሥዕል ያላቸው የወንጌል መጻሕፍት ውስጥ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ማለት ነው። ፈረንጁ አፈረ።

«አየህ! ትውፊቱ ልክ ነበር፣ እንግዲህ ዝም በል» የሚለኝ ይኖራል። ቆይ ወንድሜ። ልክነቱን ያስመሰከረው ምንድነው? አብረቅራቂ ሽፋን ነው? አይደለም። ብራናው ነው! ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ፣ ከጦርነት፣ ከእሳትና ከሌባ እየደበቁ ያቆዩት መነኮሳት ናቸው። ማስረጃውን የጠበቀ ሰው ምርመራ አይፈራም። ያልተመረመረ ዕድሜ ሁሉ «ገሪማም እኮ ልክ ሆኗል» እያለ በአባ ገሪማ ጀርባ ሊታዘል አይችልም። ገሪማ የተመሰከረለት ለራሱ ነው።

ደብረ ዳሞ ደግሞ ይኸውላችሁ። በ1940 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከመቶ በላይ የወርቅ ገንዘብ እዚያ መገኘቱን አረጋገጠ። የማን ገንዘብ? በህንድና በመካከለኛው እስያ የነገሡት የኩሻን ነገሥታት ገንዘብ! ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ባሉት የመጀመሪያ ጥቂት መቶ ዓመታት የተመታ ወርቅ በትግራይ አምባ ላይ። የህንድ ንግድ አክሱም ድረስ ይደርስ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምን ይናገራል? ይህን በየትኛው የደጅ በራሪ ወረቀት ላይ አንብባችኋል?

ሐይቅም አላት። አቡነ ኢየሱስ ሞአ ራሳቸው አስጽፈው ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1280/81 (እ.ኤ.አ.) የተጻፈ ወንጌል አለ። ዘመኑ የተመዘገበበት፣ ምስላቸው ያለበት። ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ገድል አይደለም፤ በሕይወት እያሉ የተሠራ ነው። ይህ ወንጌል ለሐይቅ ከይኩኖ አምላክ ቃል ኪዳን ይልቅ አይበልጥም?

የደብረ ሊባኖስን ደግሞ በእንባ ነው የምጽፈው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቱ ገዳሙን ከሰሰ። በግንቦት ወር፣ የጻድቁ በዓል ሰሞን፣ ጄኔራል ማሌቲ ገዳሙን ከበበ። መነኮሳቱንና ምዕመናኑን በመኪና እየጫነ ላጋ ወልዴ ወስዶ በመትረየስ ፈጃቸው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳትን፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናትን አስገደልኩ ብሎ አምኗል። ኢያን ካምቤል የሚባለው ተመራማሪ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሰዋል። ይሄ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ገዳም «ሲሶ መንግሥት ተሰጥቶኝ ነበር» የሚል ጌጥ ያስፈልገዋል? ስለ ሲሶው በልጅነታችን ሰምተናል። የእነዚያን ዲያቆናት ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ውሸት ቦታ ይይዛል ጎበዝ! እውነቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው የሚይዘው።

ታዲያ ማን ይጠየቅ?

መነኩሴውን አልጠይቅም። እሱ ቆሎ ቆርጥሞ ይጸልያል። የምጠይቀው ከተማ ተቀምጦ ዕድሜ የሚያመርተውን ነው። የጉዞ ማኅበሩ፣ በራሪ ወረቀት አሳታሚው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፤ እነዚህ ናቸው። የቆየ ገዳም ምዕመን ይስባል፣ ምዕመን ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ገንዘቡ የት ይገባል? መቶ ብሩ ከባንክ ሂሳቡ ተነስቶ ወደ መነኩሴው አፍ ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? ኦዲተር ያየው አለ?

የመንግሥት የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ከበራሪ ወረቀቱ ላይ ይገለብጡና የመንግሥት ማኅተም መትተው ለጎብኚ ያድላሉ። ከዚያ የበራሪ ወረቀቱ አዘጋጅ በሁለተኛው እትም ላይ «የቱሪዝም ቢሮም እንዳረጋገጠው» ብሎ ይጽፋል! ሌባና ሌባ እየተመሰካከሩ ዳኛው ማን ይሁን?

ቤተ ክህነትም ብትሆን ሊቃውንት አሏት። ብራና የሚያነቡ፣ ዘመን የሚቆጥሩ፣ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰዎች አሏት። በስሟ የሚታተመውን ታሪክ አንብበው «ይሄ ትውፊት ነው፣ ይሄ ማስረጃ ያለው ታሪክ ነው» ብለው እንዲለዩ ማዘዝ ምን ይከብዳታል? ብራና በፎቶ ፊልም መቅዳት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚህ አገር ሲሠራ የቆየ ሥራ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ተቀድቷል። ለብራና እንጂ ለሽፋን ቀለም የሚወጣው ገንዘብ ያሳዝናል።

«ጊዜው አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን በየቦታው እየተገፋች ባለችበት ሰዓት ይሄን ማንሳት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው» የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው እላለሁ። መሣሪያውን ያቀበለው የሐሰቱን ዓመት የጻፈው ነው እንጂ የጠየቀው አይደለም። ነገ አንድ ባለጋራ ተነስቶ የአንዱን በራሪ ወረቀት ቅጥፈት ይዞ፣ «ይሄ ውሸት ከሆነ ገሪማም ውሸት ነው፣ ላሊበላም ውሸት ነው፣ ርስታችሁም ውሸት ነው» ቢል ምን እንመልስለታለን? በሲሶው አይተነዋል እኮ! ሁለተኛ መማር አለብን?

ወደ ተነሳሁበት ገዳም ልመለስና ላብቃ። አዛውንቱ መነኩሴ ስንሰነባበት ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁትን አባት ጠሩልኝ። አንድ የብራና ወንጌል ወጣ። ጠርዙ በእርጥበት ሻግቷል፣ አይጥ በልቶታል። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ እንጨት የሰጡ፣ ድንጋይ ያመላለሱ፣ በሬያቸውን ያረዱ ባላገሮች ስም ዝርዝር። አዛውንቱ በጣታቸው አንዱን ስም አሳዩኝ። አያታቸው ናቸው። ዕቃ ቤት ጠባቂው፣ «ክረምት ጣሪያው ያፈሳል፣ ምን እናድርግ?» አሉኝ።

ክፉ ቀን ከፈጀው አገር የተረፉ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ባዶ፣ በረታቸው ባዶ ሆኖ የእግዚአብሔርን ቤት ሠሩ። ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ የትኛው ንጉሥ ሊሰጠን ነው? በራሪ ወረቀቱ እነሱን ሰርዞ ድንጋዩን ላልተሸከመው ንጉሥ ሰጠው። ደጅ ላይ የሚሸጠው ውሸት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዝናብ ተጠብቋል። እውነቱ ዕቃ ቤት ውስጥ እየረጠበ ነው።

እንግዲህ በጎ አድራጊ ነኝ የሚል ሁሉ፣ ለሽፋን ቀለም የምታወጣውን ብር ለጣሪያው ቆርቆሮ አድርገው። የሽማግሌዎቹን ቃል ሳይሞቱ ቅረጽ። ለገዳሙም ዕድሜ አትጨምርለት፤ ያለውን ዕድሜ መልስለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ ግን ብራናው በስብሶ እንዳያልቅ!

ልቦና ይስጠን።